ረጅም ግድግዳን በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ የሚይዘው ምንድን ነው?

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ብዙ ሰው ያሳሰበው ሕንፃው ይቆም ይሆን ወይ የሚለው ነበር። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ግን ሕንፃው ቆሞም ሰው ሊጎዳ ይችላል። ኮለኑና ሶሌታው ምንም ሳይሆኑ የክፍል ማካፈያው ግድግዳ ብቻውን ተደርምሶ ሰው ላይ ሊወድቅ ወይም መውጫ ሊዘጋ ይችላል።

የእኛ ማካፈያ ግድግዳ በአብዛኛው ብሎኬት ነው። ከነልስኑ በካሬ ሜትር ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ስለዚህ 4 ሜትር ከፍታና 5 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ ከ4 ቶን ይበልጣል፤ ውፍረቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ15 ወይም ከ20 ሳንቲ ሜትር አያልፍም።

መሬት ሲናወጥ ይህ ግድግዳ ከሁለት አቅጣጫ ይፈተናል። አንደኛ፣ የገዛ ክብደቱ ፊትና ኋላ ይወዘውዘዋል። ወደ ላይኛው ፎቅ በተወጣ ቁጥር ውዝዋዜው ይበረታል፤ ግድግዳው ከፍ ባለ ቁጥርም መገልበጥ ይቀለዋል። ሁለተኛ፣ የላይኛው ሶሌታ ከታችኛው ተለይቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ብሎኬቱ በኮለኖቹ መካከል በሞልታ ጥርቅም ተደርጎ ከሆነ ይጨመቅና በሰያፍ ይሰነጠቃል፤ ኮለኑንም መልሶ ይገፋል።

እንግዲህ ጥሩ ማሰሪያ ሁለት ሥራ አለው፤ ግድግዳው ፊትና ኋላ እንዳይወድቅ ይይዘዋል፣ ሕንፃው ወደ ጎን ሲንቀሳቀስ ደግሞ ይለቀዋል።

ለብሎኬት አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ከግድግዳው አናትና ከኮለኖቹ ዳር ክፍተት ይተውና እሳት በሚቋቋም ለስላሳ ነገር ይሞላል። ከዚያ አጫጭር አንጎላሬ ብረቶች ከግድግዳው ግራና ቀኝ ሆነው በቡሎን ሶሌታው ላይ ይታሰራሉ፤ ከግድግዳው ጋር ግን አይያያዙም። ግድግዳው በመካከላቸው መንሸራተት ይችላል፣ መገልበጥ ግን አይችልም። ከፍታው ወይም ርዝመቱ ሲበዛ በመሃል የኮንክሪት ማጠናከሪያ ይገባል።

የክፍተቱ ስፋት በግምት አይወሰንም። ከአውሮፓው የተወሰደው የኢትዮጵያ ስታንዳርድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ በቀላሉ የሚሰነጠቅ ግድግዳ ከሕንፃው ጋር ከተያያዘ የአንድ ፎቅ የጎን እንቅስቃሴ ከከፍታው 0.5 በመቶ እንዳያልፍ ይገድባል። ግድግዳው ከእንቅስቃሴው ነፃ ከሆነ እስከ 1 በመቶ ይፈቅዳል። ለ3 ሜትር ፎቅ ይህ 15 እና 30 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

የጂፕሰም ቦርድ ማካፈያ ግን በጣም ቀላል ስለሆነ የሚያሰጋ አይመስልም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ መቆሙ ነው፤ በሽቦ የተንጠለጠለ ኮርኒስ ደግሞ ግድግዳ ሊይዝ አይችልም። የአሜሪካው ስታንዳርድ፣ ኤኤስሲኢ 7፣ በመሠረቱ ከ1.8 ሜትር በላይ የሆነ ማካፈያ ሁሉ ከኮርኒሱ ማሰሪያ በተለየ ድጋፍ ከሕንፃው አካል ጋር እንዲታሰር ያዛል። የተለመደው መፍትሔ ከግድግዳው አናት ወደ ሶሌታው በሰያፍ የሚወጣ ብረት ነው።

ይህ ሥራ የሚዘለለው ባለቤት ስለሌለው ነው። መሐንዲሱ ኮለኑን ያሰላል፣ አርክቴክቱ ግድግዳውን ይሥላል፣ ግንበኛው ይገነባል፤ ማሰሪያው ግን በመሃል ይረሳል። ስለዚህ አሠሪው ዝርዝር ሥዕሉን ይጠይቅ፤ ልስንና ኮርኒስ ሳይሸፍነውም በቦታው መኖሩን ያረጋግጥ። ባለቀ ሕንፃ ላይም በመሐንዲስ ምክር አንጎላሬ መጨመር ይቻላል። ቅድሚያው ለትምህርት ቤት ክፍሎች፣ ለሆስፒታል ኮሪደሮችና ለመውጫ ደረጃዎች ይሰጥ።