ካርዱ ላይ ያሉት ፊደላት

(ድምፅ፦ የአውቶቡስ በር ሲከፈት፣ የመንገድ ጫጫታ)

ተራኪ፦ አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ከአውሮራ ተነስቶ በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምዕራብ ይጓዛል። በአንሹትዝ የሕክምና ማዕከል አጠገብ ያልፋል፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶችንና የእንጀራ መሸጫዎችን አልፎ ዴንቨር መሃል፣ ባለወርቅ ጉልላቱ የኮሎራዶ ምክር ቤት ደጃፍ ይደርሳል። ሐኪሙም ሕግ አውጪውም ያሉት በአንድ ጎዳና ላይ ነው። ልጅ ለመውለድ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ወገኖቻችን ግን በሁለቱ መካከል ሲንገላቱ ይኖራሉ።

(ድምፅ፦ የሰርግ እልልታ፣ ቀስ እያለ ይጠፋል)

ተራኪ፦ ሙሽሮችን «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለን መርቀን እንሸኛለን። ዓመት ሳይሞላ ጥያቄው ይጀምራል። እናት ከአገር ቤት ትደውላለች፤ በማኅበሩ የተገኙት የሙሽሪትን ሆድ ያያሉ። ጣት የሚቀሰረው ሁልጊዜ በእሷ ላይ ነው። ሐኪሞች የሚሉት ግን ሌላ ነው። ሲሶ ያህሉ ችግር ከወንዱ፣ ሲሶ ያህሉ ከሴቷ ይመጣል፤ የቀረው የሁለቱም ነው፣ ወይም ምክንያቱ አይታወቅም። የባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ከሚታዘዙትም አንዱ ነው። ባል ይህን ሳያደርግ ሚስት ብቻዋን ለዓመታት ከሐኪም ሐኪም ስትመላለስ ትልቅ በደል ይደርስባታል። ይህን ደግሞ ማንም ምክር ቤት ሊያስቀርልን አይችልም፤ የእኛው ሥራ ነው።

ሴቲቱ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆነች ስድስት ወር ሞክረው ካልሆነላቸው ሐኪም ማየት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ዘገባ፣ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ይገጥመዋል።

ከሕክምናዎቹ ውድ የሆነው እንቁላልና ዘርን ከማኅፀን ውጭ ማዋሐድ ነው። ሴቲቱ ለቀናት መርፌ ትወጋለች፤ እንቁላሎቿ ይወሰዳሉ፣ በቤተ ሙከራ ከዘሩ ጋር ይዋሐዳሉ፤ ጽንሱም ወደ ማኅፀኗ ይመለሳል። በአሜሪካ አንዱ ዙር ከ15,000 እስከ 20,000 ዶላር ይፈጃል፤ ለብዙዎችም አንድ ዙር አይበቃም። ከዴንቨር በስተደቡብ፣ ሎን ትሪ ውስጥ፣ በ1987 የተመሠረተ ዝነኛ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ። ገንዘብ ያለው ከሩቅ በአውሮፕላን ይመጣበታል። ያንን መንገደኛ ከአየር ማረፊያ የሚያመጣው ሾፌር ግን ዋጋውን ሲሰማ ሐሳቡን ሊተው ይችላል።

ኮሎራዶ ይህን አይታ ሕግ አውጥታለች። በሚያዝያ 2020 አገረ ገዢው ጃሬድ ፖሊስ የፈረሙት ሕግ፣ በ2022 ተሻሽሎ፣ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በግዛቷ ሕግ ሥር ያሉ የትላልቅ ቀጣሪዎች ኢንሹራንሶች የመካንነት ምርመራንና ሕክምናን እንዲሸፍኑ ያስገድዳል፤ እስከ ሦስት ጊዜ እንቁላል ማውጣትንም ይጨምራል። የካንሰር ሕክምና መውለድን ሊያሳጣት የምትችል ሴት፣ ከኬሞቴራፒው በፊት እንቁላሏን ለማስቀመጥ የሚያስፈልገውም ተካትቷል። የሃይማኖት ተቋም የሆነ ቀጣሪ ግን ከግዴታው ነፃ ልሁን ብሎ መጠየቅ ይችላል።

መልካም ሕግ ነው፤ ግን ብዙ የእኛን ሰዎች አይደርስም።

(ድምፅ፦ የመኪና ሞተር፣ የስልክ ጥሪ)

ተራኪ፦ እንበል ሁለት ወንድማማቾች አውሮራ ይኖራሉ። ታላቁ ሕጉ የሚነካው ኢንሹራንስ ባለው ትልቅ ድርጅት ተቀጥሯል። ታናሹ የራሱን መኪና ይነዳል፤ ኢንሹራንሱንም በግሉ ከግዛቷ የኢንሹራንስ ገበያ ይገዛል። ሕክምናው ለታላቁ ይከፈልለታል፤ ሕጉ ግን የታናሹን ኢንሹራንስ አያስገድድም። በ2010 የወጣው የፌዴራል የጤና ሕግ፣ አንድ ግዛት በግል በሚገዛና በትናንሽ ድርጅቶች ኢንሹራንስ ላይ አዲስ ግዴታ ሲጨምር ወጪውን ከራሱ ካዝና እንዲሸፍን ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ምክንያት የግሉና የትናንሽ ድርጅቶቹ ሽፋን ወደ ኋላ ተትቷል። የሠራተኞቻቸውን የሕክምና ወጪ ራሳቸው የሚችሉ ትልልቅ ኩባንያዎችም በ1974 በወጣ ሌላ የፌዴራል ሕግ ከግዛቷ ሥልጣን ውጭ ናቸው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድም፣ የመካንነት ሕክምናን አይሸፍንም። እንግዲህ የሚቀሩት ታክሲ ነጂው፣ ባለ ትንሿ ሱቅና ዝቅተኛ ደመወዝተኛዋ ናቸው፤ የእኛ ማኅበረሰብ መልክ ይህ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ የኢንሹራንስ ካርድዎን ያውጡ። ካርዱ ላይ «ሲ ኦ - ዲ ኦ አይ» የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ፣ ኢንሹራንሱ በኮሎራዶ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሥር ነው ማለት ነው። ቀጣሪዎም ትልቅ ከሆነ ሕክምናው መብትዎ ሊሆን ይችላል። ፊደላቱን ካጡ፣ ቀጣሪዎ ሽፋኑን በፈቃዱ ጨምሮ እንደሆነ የሥራ ቦታዎን የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቁ።

(ድምፅ፦ የቤተ ክርስቲያን ደወል)

ተራኪ፦ ይህን ነገር በእምነታቸው የሚመዝኑ ብዙ ናቸው፤ ተገቢም ነው። ግንቦት ልደታ በመጣ ቁጥር የእመቤታችን ወላጆች ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው በሰው ፊት እንዴት እንዳዘኑ እንሰማለን። ጸበል መጠመቅና ሐኪም ዘንድ መሄድ አይጣሉም። የሚተርፉ ጽንሶች ነገር የሚያስጨንቃቸው ጥንዶች ከንስሐ አባታቸው ጋር መክረው፣ የሚዋሐዱት እንቁላሎች ጥቂት እንዲሆኑ ሐኪሙን መጠየቅ ይችላሉ። በየካቲት 2024 የአላባማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማቀዝቀዣ ያሉ ጽንሶችን በሕግ እንደ ልጅ ሲቆጥር፣ በዚያ ግዛት ያሉ አንዳንድ ክሊኒኮች ሕክምናውን ለጊዜው አቁመው ነበር። ሕግ በሕክምና መሃል ላይ ያለችን ሴት እንዲህ ያቆማታል።

አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ ተነቃንቋል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመንግሥት ተቋም ደረጃ ይህን ሕክምና መስጠት ጀምሯል። አዲስ አበባ ላይ የመንግሥት ሆስፒታል የሚያክመውን ችግር፣ እዚህ በሀብታሙ አገር በግል ገንዘብ ብቻ ተወጡት ማለት ፍትሕ አይደለም። የኮሎራዶ ሕግ የግሉንና የትናንሽ ድርጅቶችን ኢንሹራንስ ማካተት አለበት፤ ሜዲኬይድም ቢያንስ ምርመራውንና የካንሰር ሕሙማንን እንቁላል ማስቀመጥን መሸፈን አለበት።

ኢንሹራንሱ «አንከፍልም» የሚል ደብዳቤ ከላከ ደብዳቤውን አይጣሉት። መጀመሪያ ለኩባንያው ይግባኝ ይባላል፤ እምቢ ካለ አቤቱታው ዴንቨር ብሮድዌይ ላይ ለሚገኘው ለኢንሹራንስ መሥሪያ ቤቱ ይቀርባል። ሆስፒታል ሲሄዱ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዘመድ አፍ አይተረጎምም። ምክር ቤቱ በየዓመቱ ጥር ላይ ሥራ ጀምሮ እስከ ግንቦት ይሠራል። በኮሚቴዎቹ ፊት ማንም ነዋሪ ቀርቦ፣ ወይም ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት፣ ቃሉን መስጠት ይችላል። በአማርኛ የሚያስብ ሰው ቃልም እዚያ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት።