ጉልበተኛ መኪና የሚገዛ ሰው ሥልጠና ያስፈልገዋልን?

የአውቶቡስ ሾፌር የተለየ መንጃ ፈቃድ ያወጣል። እሽቅድምድም የሚመስል መኪና የሚገዛስ?

በአውስትራሊያ፣ በአደሌይድ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ላምቦርጊኒ ከመንገድ ወጥቶ በእግረኛ መንገድ ላይ የነበረች የ15 ዓመት ልጅ ገደለ። ከዚህ በኋላ የደቡብ አውስትራሊያ ክፍለ ግዛት ሕግ አወጣ። ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ለ1 ቶን ክብደት 276 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ጉልበት ያለው መኪና የሚነዳ የክፍለ ግዛቱ ነጂ ትምህርት ተከታትሎ ልዩ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ኃይለኛ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነ መኪና ነዳጅ ትንሽ ሲረገጥ ይስፈነጠራል፤ ጎማው ይንሸራተታል፣ መሪው አልታዘዝ ይላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ተይዞ የሚቆምበት ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በተራ መኪና የለመደ እግር ይህን ከየት ያውቀዋል?

«ገንዘብ ያለው ይግዛ፣ ይንዳ፤ ምን አገባን?» የሚሉ አሉ። እግረኛዋ ግን መኪናውን አልገዛችም እኮ!

ትምህርቱ የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው። በእኔ አስተያየት ይህ አይበቃም። እኛ ሠልጣኞች እንኳ ንድፈ ሐሳቡን ስለተማርን ብቻ ክፍል አይሰጠንም፤ የማስተማር ልምምድ አለብን። እንዲህ ያለ መኪና የሚገዛም አሠልጣኝ አጠገቡ ተቀምጦ፣ መሪ ጨብጦ ይለማመድ።