የስኳር በሽታና የዘር ውርስ

(በራዲዮ የተነገረ)



በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዘር ይቆጥራሉ። በብዙ ስፍራ፣ በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ፣ እስከ ሰባት ትውልድ የሚቆጠረው የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። ነገር ግን አያት ቅድመ አያቱን በስም የሚያውቀው ሰው፣ እነዚያ አያቶች በምን በሽታ ይታመሙ እንደ ነበር ቢጠየቅ መልስ ያጣል። ዛሬ ልናስረዳችሁ ያሰብነው ይህ ሁለተኛው ቆጠራ ምን እንደሚጠቅም ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የበላነው እህል በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና ወደ ደም ይገባል። ከጨጓራ በስተኋላ ያለው ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ኢንሱሊንም ስኳሩ ከደም ወጥቶ ለሰውነት ኃይል እንዲሆን በር ይከፍትለታል። ኢንሱሊኑ ሲጠፋ ወይም ሥራው ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሕመምተኛውም ይጠማል፣ ሽንቱ ይበዛል፣ እየበላ ይከሳል። ጠዋት ምግብ ሳይቀመስ በተወሰደ ደም ውስጥ ስኳሩ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ፣ የስኳር በሽታ አለ ይባላል።

ታዲያ ይህ በሽታ በዘር ይወረሳልን? መልሱ አንድ አይደለም፤ በሽታው በስም አንድ ቢሆንም በምክንያቱ ብዙ ነውና።

በጎልማሶች ላይ የሚበዛው ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ነው። በዚህኛው እጅግ ብዙ ጂኖች እንደ ደቦ ተሰብስበው እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። አንዱ ብቻውን ብዙ አያደርግም፤ ነገር ግን ውፍረትና እንቅስቃሴ ማጣት ሲታከሉበት አደጋው ይጎላል። እንግዲህ አባቱ ወይም እናቱ የታመሙበት፣ ቀኑንም ሙሉ በወንበር ላይ የሚውል የመንግሥት ሠራተኛ፣ ዘሩን መለወጥ ባይችል ውሎውን መለወጥ ይችላል።

በጥቂት ሰዎች ላይ ግን በሽታው ከአንድ ጂን ጉድለት ብቻ ይመጣል። ጂን ማለት በሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ የተጻፈ መመሪያ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያውን በሁለት ቅጂ እንደሚይዝ፣ እኛም አንዱን ቅጂ ከአባት፣ ሁለተኛውን ከእናት እንቀበላለን። በአንዳንድ ቤተሰብ ከሁለቱ ቅጂ አንዱ መሳሳቱ ብቻ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ልጅም ያንን የተሳሳተ ቅጂ የሚወርስበት ዕድል ከሁለት አንድ ነው።

ለምሳሌ ያህል በከሚሴ ከተማ የሚኖር አንድ ጸሐፊ እናስብ። አያቱ በወጣትነታቸው ታመዋል፤ አባቱም ሳይወፍሩ ገና በጎልማሳነታቸው መጀመሪያ ታመሙ፤ እርሱም በ24 ዓመቱ ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ። በሽታው በሦስት ትውልድ ሳያቋርጥ፣ በወጣትነት፣ ያለ ውፍረት ሲታይ ሐኪም የአንድ ጂን ጉድለት ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠረጥራል።

መጠርጠሩ የሚጠቅመው ሕክምናው ስለሚለያይ ነው። በ1992 ጉድለቱ የተገኘበት ግሉኮካይኔዝ የተባለው ጂን የደም ስኳርን ከልደት ጀምሮ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያደርጋል፤ አብዛኛውን ጊዜም መድኃኒት አያሻውም። በ1996 የታወቀው ኤች ኤን ኤፍ ዋን ኤ የተባለው ግን መታከም አለበት፤ ይሁን እንጂ ለብዙዎቹ በአነስተኛ መጠን የሚወሰድ እንክብል ይበቃቸዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ከስድስት ወር በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየው ነው። በ2004 ከምክንያቶቹ አንዱ የሆነው የጂን ጉድለት ተገኘ፤ በ2006 ደግሞ በዚህ ጉድለት ከታመሙት አብዛኞቹ መርፌውን ትተው በአገራችን መድኃኒት ቤቶችም በታወቀው በግሊቤንክላማይድ እንክብል ሊታከሙ እንደሚችሉ ታየ። ኢንሱሊንን ከሙቀት ጠብቆ ማስቀመጥ በሚያስቸግርበት አገር ይህ ለአንዲት እናት ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የጂን ጉድለት ሁሉም ጐጂ አይደለም። በ2014 ወደ 150,000 የሚሆኑ ሰዎች ሲመረመሩ፣ ኤስ ኤል ሲ 30 ኤ 8 ከተባለው ጂን አንዱ ቅጂ የተሰናከለባቸው ጥቂቶች በሁለተኛው ዓይነት የመያዝ አደጋቸው በ65 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሚታከሙ የአማራ ተወላጆች ላይ የተደረገ የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር በሽታ ጥናት በ2020 ታትሟል። አደጋን የሚያበዙት የመከላከያ ጂኖች በአውሮፓውያን ዘንድ ከታወቁት ጋር የሚመሳሰሉ ሆነው ተገኙ። ይሁን እንጂ ከጎንደር ገጠር ከሚመጡት ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ ድኾችና ከሲታ ወጣት ወንዶች መሆናቸው ሐኪሞችን ሲያሳስብ ኖሯል። በልጅነት ከደረሰ ረኃብ ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 ግን ከዝርዝሩ አወጣው። በሚያዝያ 2025 በባንኮክ በተደረገው ጉባኤ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀበለው። እንግዲህ በአንድ ቤት የተደጋገመ በሽታ ሁሉ የዘር ነው አይባልም፤ ድህነትም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋልና።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በቤተሰብዎ ማን እንደ ታመመ፣ በስንት ዓመቱ እንደ ጀመረው፣ ወፍራም ወይስ ቀጭን እንደ ነበረ፣ በምን መድኃኒት እንደ ታከመ በወረቀት ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ። ይህን ስላነበቡ ግን ኢንሱሊን እንዳያቋርጡ፤ ዓይነቱ በመልክ አይለይምና ማቋረጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም የሚጾም ሕመምተኛ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር። ልጅ ለመዳር ሲባልም በሽታን መደበቅ አይገባም፤ የተደበቀ በሽታ ዓይንንና ኩላሊትን ያጠፋል፤ በግልጽ የተነገረው ግን ለልጅ ልጅ መንገድ ያሳያል።

ሰባት ትውልድ መቁጠር የቻለ ሕዝብ ሦስት ትውልድ በጤና መዝገብ መጻፍ አያቅተውም። ለዛሬው በዚህ ይበቃናል።