ስለ ስማርት ስልክ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለያዘ ሰው አጠቃቀሙን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በእጅ የሚያዘው ስልክ ግን በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ከዚያም በኋላ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፥ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ ሥራ ስለ ጀመሩ፥ ገንዘብ በስልክ መላክና መቀበል ተለመደ። በዚህም ምክንያት ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ የገንዘብ ከረጢት ሆኗል። እንግዲህ አጠቃቀሙን ሳያውቅ ስልክ የያዘ ሰው ከረጢቱን በሌላ ሰው እጅ አስይዞ እንደሚኖር ይቈጠራል።

ስማርት ስልክ፥ ሕዝቡም ታች ስልክ የሚለው፥ እንደ ፊተኛው ስልክ ቍልፍ የለውም፤ የሚታዘዘው መስተዋቱን በጣት በመንካት ነው። ይህን ለሚያስተምር ሰው ዋናው ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም ተማሪው በገዛ ጣቱ ይንካ፥ በገዛ ዓይኑ ያንብብ፥ የምሥጢር ቍጥሩንም ለብቻው ይወቅ የሚል ነው።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ሽማግሌ ገንዘብ ለመላክ ፈልጎ ልጁን ወይም የጎረቤቱን ልጅ ይጠራል። ልጁም ስልኩን ተቀብሎ ሦስት አራት ጊዜ ነካ ነካ ያደርግና «አለቀ» ብሎ ይመልስለታል። ሽማግሌው ጉዳዩ ቢፈጸምለትም የተማረው ነገር የለም። በማግሥቱም ያንኑ ይለምናል፤ በሦስተኛው ቀን ልመናው ስለ ሰለቸው የምሥጢር ቍጥሩን ይነግረዋል። ልጁ ክፉ ባይሆን እንኳ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽማግሌው ገንዘብ ኹለት ባለቤት አገኘ ማለት ነው። ፊደል የቈጠረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የኔታ ስለ ተማሪው ሆነው አይቈጥሩም፤ ተማሪው ራሱ በስንጥር እያመለከተ ይቈጥራል እንጂ። የስልክም ትምህርት እንደዚሁ ነው። አስተማሪው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በቃል ብቻ ቢመራ መልካም ነው።

1ኛ፤ ስለ አነካኩ። መስተዋቱ የጣትን መነካት የሚያውቀው በሰው አካል ባለው ጥቂት የኤሌክትሪክ ጠባይ ነው። ስለዚህ በጥፍር ወይም በደረቅ እንጨት ቢነኩት አይሰማም። በእርሻና በወፍጮ ሥራ የሻከረና የደረቀ ጣትም አንዳንድ ጊዜ አይሰማውም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሰው «ስልኩ እኔን ናቀኝ» ብሎ ተስፋ እንዳይቈርጥ ምክንያቱን መንገር ያስፈልጋል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ እጅን ታጥቦ ማድረቅ፥ የጣትን ጫፍ በጥቂቱ ማራስ፥ ወይም ለስለስ ባለው በጣት ጎን መንካት ነው። መስተዋቱ ራሱ ግን ውሃ ሊነካው አይገባም፤ የረጠበ እንደ ሆነ ያልታዘዘውን ይሠራል።

ቀጥሎ ሦስቱን የአነካክ ዓይነቶች መለየት ነው፤ እነዚህም ነካ አድርጎ ማንሣት፥ ተጭኖ ማቈየትና ማንሸራተት ናቸው። ጀማሪ ሰው እንደ ቍልፉ ስልክ አጥብቆ ስለሚጫን፥ ስልኩ ሌላ ትእዛዝ የተሰጠው መስሎት ሥዕሎቹን ያዛውራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ጕዳት በሌለበት ነገር፥ ይኸውም ባትሪውን በማብራትና በማጥፋት፥ ፎቶግራፍ በማንሣት፥ በካልኩሌተር በመደመር ይሁን። ወደ ፊተኛው ገጽ የሚመለሱበትንም መንገድ በዚያው ቀን ማሳየት ተገቢ ነው፤ የመመለሻውን መንገድ ያወቀ ሰው «አበላሸው ይሆን» ብሎ አይፈራምና።

2ኛ፤ ስለ ጽሕፈትና ስለ ድምፅ። በስልክ ላይ በአማርኛ መጻፍ ፊደል በሥርዓት ለቈጠረ ሰው አይከብድም። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች አንዱን ፊደል በነኩት ጊዜ ቤተ ዘመዶቹ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ተሰልፈው ይታያሉ፤ ጸሓፊውም የሚፈልገውን ይመርጣል። ማንበብ የማይችል ሰውም ቢሆን ከጥቅሙ አይለይም። የድምፅ መቅጃውን ሥዕል ተጭኖ በመናገር መልእክት መላክ ይችላልና፥ ልጇ በጅዳ ወይም በቤይሩት በሥራ ላይ ያለች እናት ሰው ሳታስጽፍ፥ የሆዷንም ለሌላ ሳትገልጥ፥ ከልጇ ጋር ትነጋገራለች።

3ኛ፤ ስለ ሰዓትና ስለ ቀን። የስልኩ ሰዓት የሚቈጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለ ሆነ ከአገሩ አቈጣጠር በ6 ሰዓት ይለያል፤ ስልኩ ጧት 8 ሲል በአገሩ አቈጣጠር 2 ሰዓት ነው። የስልኩም ዓመት ከመስከረም እስከ ፈረንጆች ዓመት መለወጫ ድረስ በ7፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን መጨረሻ በ8 ይበልጣል። ይህን ያልተማረ ሰው የቀጠሮና የክፍያ ቀን ያሳልፋል።

4ኛ፤ ስለ ገንዘብና ስለ ምሥጢር ቍጥር። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ይህ ነው። ገንዘብ ለመላክ የምሥጢር ቍጥር ያስፈልጋል፤ የተላከ ገንዘብ ለመቀበል ግን አያስፈልግም። ይህን አንድ ነገር አጥብቆ የያዘ ሰው ከብዙ ማታለል ይድናል። አታላዮች «ሽልማት ደርሶዎታል» ወይም «ከድርጅቱ ነው የምንደውለው» ብለው በለሰለሰ ቃል ይጀምሩና፥ መጨረሻቸው የምሥጢር ቍጥሩን ወይም በመልእክት የመጣውን ቍጥር መጠየቅ ነው። የሚጠይቀው ማንም ይሁን ማን፥ መልሱ ስልኩን መዝጋት ነው። «በስሕተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ» የሚልም አለ። እንዲህ ሲባል የመጣውን ጽሑፍ ብቻ አይተው አይመኑ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የገዛ ሒሳብን ከፍቶ ገንዘቡ በእውነት መግባቱን ማየት ይገባል።

የምሥጢር ቍጥር የልደት ዓመት ወይም እንደ 123456 ያለ በቀላሉ የሚገመት አይሁን፤ በስልኩም ልባስ ላይ አይጻፍ። ተማሪው ቍጥሩን በሚነካበት ጊዜ አስተማሪው ፊቱን ወደ ሌላ ያዙር፤ ይህ ምልክት ከብዙ ቃል ይልቅ ያስተምራልና። ገንዘብ ከመላክ በፊትም የተቀባዩን ስልክ ቍጥርና ስም፥ የገንዘቡንም ልክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ መልካም ልማድ ነው። ስልኩ የጠፋበት ሰው ሳይውል ሳያድር በሌላ ስልክ ወደ አገልግሎት ሰጪው ደውሎ ቍጥሩን ያዘጋ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ የሆነ በ994 ይደውላል። ከዚያም መታወቂያውን ይዞ ወደ ቢሮው ይሂድ።

5ኛ፤ ስለ ወጪ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማየት ከጽሑፍ ይልቅ እጅግ ብዙ ዳታ ይበላል። ስለዚህ ኢንተርኔቱን በማይፈልጉበት ጊዜ ማጥፋት ገንዘብንም ባትሪንም ያተርፋል። ስልኩን በፀሓይ ላይ ወይም በምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ባትሪውን ይጐዳል።

የትምህርቱ አካሄድ በቀን አንድ ነገር ይሁን፤ እርሱንም ተማሪው ያለ ረዳት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሳይሠራ ወደ ሌላው አይታለፍ። አዛውንት ሲዘነጉ መሣቅ ወይም ስልኩን ከእጃቸው መንጠቅ ትምህርቱን ያፈርሰዋል። የሰፈሩ ወጣቶችም ይህን ሥርዓት ከትምህርት ቤት ቢማሩ፥ በየቤታቸው ያሉትን እናትና አባት በትዕግሥት ሊረዱ ይችላሉ። ወላጁን በሥርዓት ያስተማረ ልጅም፥ ወላጁ በገዛ ንብረቱ ላይ ሳያፍርና ሳይለምን እንዲያዝ ስላደረገ፥ ትልቅ አክብሮት አደረገለት።