ዓሦቹ ደህና ስለሆኑ ውሃው ደህና ነው አይባልም!



በቅርቡ አንድ አባት ኮረንቲ ይዞት ድንገተኛ ክፍል መጣ። ሳሎን ያለውን የዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) ሲያጸዳ የውሃ ማሞቂያውን እንደጨበጠ እጁ አልላቀቅ አለው። ልጁ ሮጦ ብሬከሩን ባያወርደው ኖሮ ዛሬ ሌላ ታሪክ ነበር የምነግራችሁ።

«ከዚህ በፊት ነዝሮህ ያውቃል?» አልኩት።

«አዎ ዶክተር፣ አንዳንዴ ትንሽ ይነዝረኝ ነበር። ዓሦቹ ምንም ስላልሆኑ ናቅኩት» አለኝ።

ዓሦቹ ለምን አልሞቱም?

ኮረንቲ የሚጎዳን በሰውነታችን ውስጥ አልፎ ሲሄድ ነው። ዓሣው ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ በእሱ በኩል ወደ መሬት የሚወጣበት መንገድ የለም። እኛ ግን እጃችን ውሃ ውስጥ፣ እግራችን መሬት ላይ ሲሆን መንገዱ እኛው ነን። ከእጅ ወደ እግር ሲሄድ ደግሞ በደረት፣ በልብ በኩል ነው የሚያልፈው።

ይህ አባት ሌላ ጊዜ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ያደርግ ነበር። ያን ቀን በባዶ እግሩ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ነበር የቆመው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

«ብሬከር አለኝ» አትበሉ

ወደ 10 ሚሊ አምፒር ሲደርስ ጡንቻ ይጨመደድና እጅ አልላቀቅ ይላል። ከ30 በላይ ሆኖ ከቆየ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። የቤታችን ብሬከር ግን ብዙ ጊዜ 16 አምፒር ነው፤ ማለትም 16,000 ሚሊ አምፒር! እሱ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ እናንተን አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. እጃችሁን ከመክተታችሁ በፊት ማሞቂያውን፣ ፓምፑንና መብራቱን ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

2. በኤሌክትሪክ ባለሙያ 30 ሚሊ አምፒር አር.ሲ.ዲ አስገጥሙ። ኮረንቲ ሲያፈስ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። «ቴስት» የሚለውን ቁልፍ በየወሩ ተጭናችሁ መቁረጡን አረጋግጡ። የመሬት ሽቦው (አርዝ) መኖሩንም አሳዩ።

3. ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ይመለስ። በገመዱ የሚወርድ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ ወለል ላይ ይንጠባጠባል።

4. ማከፋፈያውን ከገንዳው ስር ወለል ላይ አታስቀምጡ።

5. መስታወቱ የተሰነጠቀ ማሞቂያ ወይም የተላጠ ገመድ በፕላስተር አይጠገንም፤ ይጣላል።

ሰው ከያዘስ?

በእጃችሁ አትንኩት! መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። ከዚያ ራሱን ስቶ የማይተነፍስ ከሆነ 907 አምቡላንስ እየተጠራ፣ የደረቱን መሃል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ።

ራሱን የሳተ፣ ደረቱን ያመመው፣ ልቡ የሚመታበት፣ የተቃጠለ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች «አሁን ደህና ነኝ» ቢሉም ሆስፒታል ሄደው የልብ ምርመራ (ኢ.ሲ.ጂ) ያድርጉ።

ያ አባት ድኖ ቤቱ ገብቷል። እናንተ ግን ትንሿን ንዝረት አትናቁ፤ ማስጠንቀቂያ ናት። ዛሬ ማታ ገንዳችሁ ስር ያለውን ገመድ አንዴ እዩት። የዓሣ ገንዳ ላለው ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

መልካም ጤና!