አንድ ርቀት፣ ሁለት የጉዞ ጊዜ

በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት አንድ ከሆነ፣ የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜስ እኩል ይሆናልን? ካርታ ብቻ የሚመለከት ሰው «አዎን» ሊል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ መልሱ የተለየ የሚሆንበትን ምክንያትና ለተጓዦች ደኅንነት ያለውን ትርጉም በአንድ እውነተኛ የበረራ መስመር እንመረምራለን።

መስመሩ ከቺሊ ዋና ከተማ ከሳንቲያጎ ተነሥቶ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ወደምትገኘው ኢስተር ደሴት የሚያመራው ነው። ርቀቱ 3,750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጉዞው ሁሉ ከታች የሚታየው ውኃ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። የደሴቲቱ ማታቬሪ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ማኮብኮቢያ ብቻ አለው። በማንጋሬቫ የሚገኘው ጎረቤት ማረፊያ እንኳ 2,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ወደ ደሴቲቱ የሚደረገው በረራ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ሲፈጅ፣ የመልሱ ግን አምስት ሰዓት አይሞላም።

ልዩነቱን የሚያመጣው ነፋስ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ሞቆ ወደ ላይ የወጣው አየር ወደ ዋልታዎቹ ሲያመራ፣ የምድር መሽከርከር ወደ ምሥራቅ ያዘነብለዋል። ስለዚህ በዚህ ቀጣና፣ አውሮፕላኖች በሚበርሩበት ከፍታ፣ ነፋሱ በአመዛኙ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። አውሮፕላን ደግሞ የሚበርረው በአየሩ ውስጥ እንደመሆኑ፣ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት የራሱና የነፋሱ ፍጥነት ድምር ነው።

ለምሳሌ የአውሮፕላኑን ፍጥነት በሰዓት 850፣ የነፋሱን 150 ኪሎ ሜትር እናድርግ። መነሣትና ማረፍ የሚወስዱትን ጊዜ ለጊዜው እንተወው። ወደ ምዕራብ ሲበርር ከመሬት አንጻር 700፣ ሲመለስ 1,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይጓዛል። መሄጃው 5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ፣ መመለሻው 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ድምሩ 9 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይሆናል። ነፋስ ባይኖር ኖሮ ደርሶ መልሱ 8 ሰዓት ከ49 ደቂቃ በበቃው ነበር። ነፋሱ በመሄጃው የወሰደውን ጊዜ በመመለሻው ሙሉ በሙሉ አልመለሰም፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ ረዘም ያለውን ጊዜ የሚያሳልፈው ነፋሱን እየተጋፈጠ ነው።

አሁን ወደ ደሴቲቱ በሚወስደው ጉዞ ላይ አንድ መንገደኛ በጠና ታመመ እንበል። አብራሪው ይቀጥል ወይስ ይመለስ? እኩሌታው መንገድ 1,875 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ለመመለስ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ፣ ለመቀጠል ግን 2 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ያስፈልጋል። ሁለቱ ጊዜዎች የሚተካከሉት ከሳንቲያጎ 2,206 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል። የርቀት እኩሌታና የጊዜ እኩሌታ በ331 ኪሎ ሜትር ተለያዩ ማለት ነው። አብራሪዎች ይህን ነጥብ ከመነሣታቸው በፊት አስልተው የሚይዙት ስለዚህ ነው።

ነዳጅም የዚሁ ስሌት አካል ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መስፈርት መሠረት፣ ተለዋጭ ማረፊያ ወደሌለው ገለልተኛ ስፍራ የሚበርር ጄት፣ ከመድረሻው በላይ ሆኖ ለሁለት ሰዓት የሚያቆየው ነዳጅ ሊኖረው ይገባል።

አንባቢያን የነፋሱን ፍጥነት ወደ 100 ዝቅ አድርገው የጊዜው እኩሌታ ወዴት እንደሚሸሽ እንዲያሰሉ እንጋብዛለን። በክፍል ውስጥ የተማርነው የአንጻራዊ ፍጥነት ቀመር፣ በውቅያኖስ ላይ የሰው ሕይወት የሚታመንበት መሣሪያ መሆኑን ያን ጊዜ ይረዱታል።