በሥራ ሰዓት የበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ (የመንግሥት ሠራተኞች)

በሥራ ሰዓት የበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ ማለት የመንግሥት ሠራተኛ በመደበኛ የሥራ ሰዓቱ ወይም በሥራ ኃላፊነቱ ተጠቅሞ ለሕሙማን፣ ለተፈናቃዮች፣ ለትምህርት ቤት ግንባታና ለመሳሰሉት ዓላማዎች መዋጮ መሰብሰብ ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚታየው ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ሥነ ምግባር ከወጡ ሕጎች አንጻር ነው።

የሥራ ሰዓትና ኃላፊነት

የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሠራተኛው ሙሉ ጉልበቱንና ችሎታውን ለሕዝብ አገልግሎት እንዲያውል ያዝዝ ነበር። በዚሁ አዋጅ መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት አይበልጥም ነበር። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለግል ተነሳሽነት የሚደረግ መዋጮ ማሰባሰብ፣ ዓላማው በጎ ቢሆንም፣ ለተገልጋዩ የተመደበውን ሰዓት ይወስዳል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ በይፋ ያዘጋጀው የዕርዳታ መርሐ ግብር ግን ከዚህ ይለያል፤ ሠራተኛው የሚሳተፈው ተመድቦ ነውና።

ደመወዝና ፈቃድ

በዚሁ አዋጅ መሠረት ከደመወዝ ላይ ገንዘብ ይቆረጥ የነበረው በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሕግ በተደነገገ ጊዜ ብቻ ነበር። በስብሰባ ላይ በጭብጨባ የተላለፈ ውሳኔ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፊርማ አይተካም። በተግባር ችግር የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው፤ የመዋጮ ዝርዝሩን ይዞ የሚዞረው የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው አለቃ ከሆነ፣ ሠራተኛው «አልችልም» ለማለት ይቸገራል።

የሕዳሴ ግድብ መዋጮ

በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ በመላ አገሪቱ የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዛቸውን በየወሩ እየተቆረጠ ለቦንድ ግዢ አውለዋል። ቦንድ ከነወለዱ የሚመለስ ብድር ስለሆነ ከስጦታ ይለያል። መዋጮው በፈቃደኝነት ነው ቢባልም ግፊት ነበረበት የሚሉ ቅሬታዎች ተሰምተዋል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

በአሰላና በአርሲ

የአርሲ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው አሰላ ሁለት ዓይነት የመንግሥት ሠራተኞች ጎን ለጎን ይሠራሉ። የዞኑ፣ የከተማውና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች የሚተዳደሩት በኦሮሚያ ክልል ሕግ ነው፤ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ክልሎች ስለ ሠራተኞቻቸው ሕግ እንዲያወጡ ይፈቅዳልና። አርሲ ዩኒቨርሲቲ ግን የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የአስተዳደር ሠራተኞቹ በፌዴራሉ አዋጅ ሥር ናቸው። ስለዚህ አንድ መዋጮ በከተማው ሲዞር አስቀድሞ መታየት ያለበት ሠራተኛው የማን ተቀጣሪ እንደሆነ ነው።

ባልደረባ ሲታመም ወይም ሐዘን ሲደርስበት ብር ማዋጣትና የመሥሪያ ቤት ዕድር በአገሪቱ የተለመዱ ናቸው። ሰጪና ተቀባይ እኩያ የሥራ ባልደረቦች እስከሆኑ ድረስ ብዙ አያከራክሩም። ተገልጋይን መጠየቅ ግን የተለየ ነው። ለምሳሌ ከጢዮ ወይም ከዲገሉና ጢጆ ወረዳ የመሬት ጉዳይ ይዞ የመጣ ገበሬ በመስኮቱ በኩል የዕርዳታ ትኬት እንዲገዛ ቢጠየቅ፣ ካልገዛ ጉዳዩ የሚጓተት ሊመስለው ይችላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ አድልዎ ያለመፈጸምንና የሕዝብን ጥቅም የማስቀደምን የሥነ ምግባር መርሆዎች ይነካል።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ የፌዴራል ሠራተኞችን በሥራ ቦታ መዋጮ መጠየቅ የሚፈቀደው በመሠረቱ በአንድ የተዋሐደ ዓመታዊ ዘመቻ በኩል ነው። የዘመቻው መነሻ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጡት ትእዛዝ ነው። ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ በግሉ ማሰባሰብ ይችላል፤ የበታቾቹን ግን መጠየቅ አይፈቀድለትም። በዘመቻውም ውስጥ ማስገደድ ክልክል ነው።